የጓሯችን ቢበር

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16። ጠዋት

ውሃው ዛሬም አልወረደም። ጭራሽ በጓሮ መንገዷ ጎን ያለው መያዣ ብረት ጋ ደርሷል። መ/ርን ደግፌ እስከ ፖሙ ዛፍ ወረድን፤ ከዚያ በታች መንገድ የለም። ጭቃ፣ ቅጠል፣ የተኛ ውሃ። የሚደገፍበትን ፍሬም አቁሞ ትንሽ አየ። "እሺ" አለ። ተመለስን።

የዛሬው "እሺ" ትርጉሙ "አይሆንም" ነው። የትናንቱ "ሻይ ስጪኝ" ነበር። ከስትሮኩ ወዲህ የቀረችው ቃል እሷ ብቻ ናት፤ ሁሉን ነገር ይጭንባታል፣ እኔ ከፊቱ አነባለሁ። አንዳንዴ እስታለሁ። ሻይ አምሮት ጋቢ አለብሰዋለሁ።

ማስታወሻዬ፣ በሆስፒታሉ ወራት ጥዬሽ ስለከረምኩ ቅር አይበልሽ። በአጭሩ ልንገርሽ። መ/ር ማለት ባሌ ተስፋይ ነው። አስመራ አማርኛ ሲያስተምር "መምህር" እየተባለ ስሙ ሆኖ ቀረ፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ፣ ሲያናድደኝ ጭምር። እዚህ ለንደን አውቶቡስ ነዳ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ት/ቤቱ መሻገሪያ ላይ ምልክቱን ይዞ ልጆች ሲያሻግር ኖረ። ሰፈሩ በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ በፊት ለፊት በር ወጥቶ በፍሬም መታየት አይፈልግም። ካፖርቱን ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ያለችን የጓሮዋ መንገድ ናት። ከኩሽናው በር ተነስታ ወንዟ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ጋ የምትደርስ። እግሩን የምታሠራው ፊዚዮዋ በየቀኑ ካልተራመደ እግሩ ይሰንፋል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ይከብዳል ብላናለች። መንገዷ ደግሞ ይኸው ውሃ ውስጥ ናት።

ቢሆንም ተመስገን። ገንፎውን ጨርሷል። አርችዌይ ፎቅ ላይ እንደነበርነው ብንሆን የምናማርርበት ጓሮም አይኖረንም ነበር። ነገ ካውንስል (የዚህ አገር ቀበሌ) እደውላለሁ። ቱቦ ፈንድቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሴፕቴ. 18

ቱቦ የለም አሉ። የግል መሬት ነው፣ ወንዟም እስከ መሃሏ የእናንተ ናት አለኝ ስልኩን ያነሳው ልጅ። ግማሽ ወንዝ እንዳለኝ ሳላውቅ ስንት ዘመን ኖርኩ!

ቦቲዬን አድርጌ ወረድኩ። አኻያው ወድቋል። ጉቶው እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾሏል፣ ፍቅፋቂው ዙሪያውን ተበትኗል። መጥረቢያ መሰለኝ። ከአጥር ወዲያ ያለውን ጎረቤት ጠርጥሬ በሆዴ ረገምኩት። (ይቅር ይበለኝ። ሰውየው ለዕረፍት ከሄደ ገና አልተመለሰም።) ዝቅ ስል ደግሞ የእንጨትና የጭቃ ክምር ወንዟን ከዳር እስከ ዳር ዘግቷታል።

ፎቶ አንስቼ ለራሄል ላክሁ። ልጃችን ናት፣ ክላፋም ነው የምትኖረው። ወዲያው ደወለች። "ማማ! ኦ ማይ ጋድ! ቢቨር ነው!" ትላለች። ቢቨር ምንድን ነው? ትልቅ አይጥ ነገር ነው አሉ፤ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ፣ ዛፍ በጥርሱ የሚጥል፣ ግድብ የሚሠራ። ድሮ በዚህ አገር አልቆ ነበር፣ አሁን መልሰው አመጡት። ደስታዋ ልክ የለውም። እኔ ግን ቅጥል አልኩ። ያለቀውን መልሰው የሚያመጡት የባሌን መንገድ እንዲያሰምጥ ነው?

እሑድ፣ ሴፕቴ. 21። ከሰዓት

ከቅዳሴ ስመለስ ዘውዱ መጣ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሱቅ የነበረው፣ የጎንደሩ ዘውዱ። ከመ/ር ጋር ስለ ሰዋስው ሲጨቃጨቁ ነው ያረጁት። ከስትሮኩ ወዲህ ግን እግሩ አጥሯል። አልፈርድበትም። "እሺ" ብቻ ሲሰማ ዕንባው ይመጣል፤ ዕንባው ሲመጣ ያፍራል፤ ሲያፍር ኮቱን አንስቶ ይሄዳል። ዛሬ ኮቱን ሳያነሳ አካፋ ሰጠሁት።

ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። እሱ ከመሃል ይንዳል፣ እኔ ከዳር እጎትታለሁ። ሁለት አሮጌዎች ጭቃ በጭቃ። ይህን የሠራው መሐንዲስ ነው ይለኛል እያለከለከ። ከዚያ ድንገት ተከፈተ። ውሃው ዷ ብሎ ወረደ። መንገዷ ብቅ አለች፣ የአግዳሚው እግር ታየ። ዘውዱ እስክስታ ሊመታ ምንም አልቀረው። መ/ር ከመስኮቱ ሆኖ ያየናል።

ነገ ጠዋት አወርደዋለሁ። ተመስገን ለዘውዱ ክንድ። ለወገቡ ደግሞ ቅባት ሰጥቼ ሸኝቼዋለሁ።

ሰኞ፣ ሴፕቴ. 22

ተሠርቷል። ሁሉም። ከበፊቱ ከፍ ብሎ።

ዳር ላይ ረስቼው የገባሁት አካፋ እጀታው ግድቡ ውስጥ ተሸጉጧል፣ ጭቃም ተመርጎበታል። በራሴ አካፋ!

ለራ. ስደውል ትስቃለች ብዬ ነበር። ጮኸችብኝ። በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው፣ ግድቡን እንዲህ መነካካት ሊያስከስስ ይችላል፣ ቼክ ሳታደርጊ እንዴት ትገቢያለሽ። ይሄን ለዘውዱ ስነግረው፣ በስተርጅና በአይጥ ምክንያት ልንታሰር ነው? አለኝ።

ፍርሃቴ ሳያልፍ ሳቄ መጣ። መ/ር ግን ዛሬም ከፖሙ ዛፍ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴ. 25

ግሬግ የሚባል ሰው መጣ። የቢቨሮችን ጉዳይ የሚከታተል፣ ራ. አፈላልጋ ያገኘችው። ረጅም፣ ጺመ ቀይ። ሳልነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እዚያው ወደድኩት።

ሻይ ሳይቀርብ ሁሉን ተናዘዝኩለት፤ አካፋውን፣ ዘውዱን፣ ደስታችንን። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታ አደረገና ሁለተኛ እንዳታደርጉት አለኝ። በስንት ጭንቀት የከረምኩትን በሁለት ቃል ገላገለኝ።

የነገረኝን ልጻፍልሽ። ባልና ሚስት ናቸው፣ የዘንድሮ ልጆችም አሏቸው። የሚወርድ ውሃ ድምፅ አያስቀምጣቸውም፤ ከሰሙ መድፈን ነው። እኛ ስንንድ ለካ ለሥራ እየጠራናቸው ነበር። የቀሩትን ዛፎች በሽቦ መረብ እንጠቀልላለን። በግድቡ ውስጥ ድምፅ የማያሰማ ቱቦ ማሳለፍም ይቻላል። ያኔ ውሃው ይጎድላል፣ የመንገዷ ታችኛው ግማሽ ግን እንደረጠበ ይቀራል። የመጨረሻው አማራጭ በፈቃድ አጥምዶ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው። በቀላሉ አይፈቀድም፤ ቤት ውስጥ መራመድ ያለበት ሕመምተኛ ስላለ ግን መጠየቅ ይቻላል።

ውሰዱልኝ አልኩ። አላቅማማሁም። ፈቃዱን አፕላይ እናድርግ አልኩት።

መ/ር ሶፋው ላይ ነበር። "እሺ" አለ። የትኛው እሺ እንደሆነ ልብ ብዬ አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴ. 27። መስቀል። አመሻሽ

በደንብ ልጻፈው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መስኮቱ ጋ ተቀምጠናል። ውሃው ላይ ጭንቅላት አየሁ። ቡናማ፣ እርጥብ፣ ቀጥ ብሎ የሚዋኝ፤ በአፉ የቅጠል ዘለላ ይዟል። የመጀመሪያዬ ነው። መ/ርን በክንዱ ያዝኩት፤ ያውልህ፣ ያውልህ እያልኩ። በትግርኛ ስሙን ከየት ላምጣው? ራ. እንደምትለው ልል ሞከርኩ። ግን "ቨ" ከእኔ አፍ አትወጣም፤ ልጄ በዚህ ስትስቅብኝ ነው ያደገችው።

"ቢበር" አልኩ።

መ/ር ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረ። ግንባሩ ተቋጠረ። የተማሪ ደብተር ሲያርም የነበረው ፊት! ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁት።

"ቢበር?" አለ።

ክንዱን አልለቀቅሁም።

"ቢበር… የት ይደርሳል?"

ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ነው ያለው። አንድም አልጨመርኩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛ፣ የጥያቄ ምልክቱ ሳይቀር የሚሰማ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፤ እሱም በአፉ አንድ ጎን ሳቀ። እንስሳው ቅጠሉን ይዞ ሄደ።

እኔና መ/ር የምንነጋገረው በትግርኛ ነው። አማርኛ ት/ቤት የሰጠን ነው፤ ለእኔ መጻፊያ፣ ለእሱ እንጀራ ሆነ። በትግርኛ ቢሆን "ቢበር" ምንም ማለት አይደለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። በአማርኛ ግን ያላለቀ ነገር ነው። "ቢበር" ብሎ ዝም ይባላል? አንድ ተማሪ እንደዚያ ብሎ ዝም ቢለው መ/ር አጠገቡ ቆሞ እስኪጨርስ ይጠብቀው ነበር።

ራ. አላመነችኝም። እርግጠኛ ነሽ ማማ? ትለኛለች ደጋግማ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። እርግጠኛ ነኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴ. 28

ጠዋቱን ሙሉ ጠየቅሁት። ምን ትበላለህ፣ ማን ነኝ፣ ያ እንስሳ ምን ነበር። እሺ። እሺ። እሺ። ልቤ እንደገና ወረደ። አልሜ ይሆን?

ከሰዓት ዘውዱ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ደወለ። ስልኩን መ/ር ጆሮ ላይ አደረግሁለት። የዘውዱ አማርኛ እስከ ኩሽና ይሰማል፣ ስለ ወገቡ እያማረረ። መ/ር አዳመጠ፣ አዳመጠና "ሽማግሌ!" አለው።

ከወዲያ ማዶ ዘውዱ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁት። ተሰድቦ እንደዚህ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ያኔ ገባኝ። ጠዋቱን ሁሉ የጠየቅሁት በትግርኛ ነው! ትግርኛው ተዘግቷል፣ እንግሊዝኛውም ተዘግቷል። የት/ቤቱ በር ግን ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ ማንም አላንኳኳውም። ሆስፒታል የእናት ቋንቋው ምንድን ነው ሲሉኝ ትግርኛ አልኩ፣ እውነት ነውና። አስተርጓሚዋም የትግርኛ ሆነች፤ ምስኪን፣ ስንት ለፋች። የተማረበትን ቋንቋ ማንም አልጠየቀ፣ እኔም አልተናገርኩ። ማን ያስባል?

ዓርብ፣ ኦክቶ. 3

የሶፊ ቀን። የንግግር ሐኪሙ ናት፣ ከራ. ታንሳለች። ወሬውን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አሁን አድርጊልኝ አለችኝ። አፈርኩ። በአማርኛ ምን ልበለው? ውጭ ያካፋል።

"ዝናብ ቢዘንብ…" አልኩ።

አፌን ያሳክከኛል፣ ልጨርስለት። ሶፊ ጣቷን ወደ እኔ አነሳች። ዝም አልኩ። የመ/ር ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል።

"…ወንዙ ይሞላል።"

ሶፊ አንዲት ቃል ሳይገባት አጨበጨበች። ለምን ይሄኛው ቋንቋ ተረፈ ብላት በእርግጠኝነት አላውቅም አለችኝ፤ እንዲህ ብላ ስለነገረችኝ አከበርኳት። የአማርኛ አስተርጓሚ ትጠይቃለች። እስከዚያ እኔ ግማሹን እሰጠዋለሁ፣ ግማሹን እሱ ይጨርሳል። የእኔ ድርሻ ዝም ማለት ነው። ይሄን ለራ. ስነግራት "ማማ? ዝም? ኖ ቻንስ" አለችኝ።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እሱ እስኪመጣ ሰውየው ሊሄድ ይሁን ሊቀር አይታወቅም። መ/ር ክፍል ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን እሰሩት እንጂ ይል ነበር። አሁን እኔ ጫፉን እይዛለሁ፣ እሱ ያስራል።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 8

የሰሞኑ ምርት፦

"ራሄል ብትመጣ…" አልኩት፣ "…ትጮህብናለች" አለ። "ዘውዱ ቢዘፍን…" ስለው፣ "…ውሻ ይሸሻል"። "እኔ ባልኖር…" ብዬ ደነገጥኩ፣ ምን አስባለኝ። ብዙ ቆየና "…ገንፎ አይኖርም" አለ። ይኸው ነው ለካ ዋጋዬ!

ዛሬ ደግሞ ያንን ገንፎ ሳቀርብለት ሳህኑን በጣቱ ገፋ። "አልፈልግም" አለ። ማንም ሳይጀምርለት፣ ራሱ። ሳህኑን ይዤ ኩሽና ገባሁና ግድግዳውን ተደግፌ አምላኬን አመሰገንኩ። ሚስት ምግቧ ተጠልቶባት እንዲህ ስታመሰግን የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

አመሻሽ ላይ መስኮቱ ጋ መቀመጥ ልማድ ሆኗል። እነሱም አይቀሩም። መጀመሪያ ትልቁ፣ ከዚያ ትንንሾቹ። መ/ር ሁሉንም ስም አውጥቶላቸዋል። ትልቁ "ቢበር" ነው፣ ሚስቱ "ብትበር"፣ ልጆቹ "ቢበሩ"። ግሱን ሲያረባ ሰማሁት፣ በጣቱ እየቆጠረ። ዘውዱ በየሳምንቱ ሁለቴ ይመጣል፤ ጎንደሬው ዛሬ "ብትበር" የሴት ብቻ ሳይሆን የወንድም ይሆናል፣ ለቅርብ ሰው አንተ ብትበር ሲባል ብሎ ተከራከረ። መ/ር ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ተናደደ፣ ፊቱ ቀላ። እንዴት ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 15

ፊዚዮዋ መጣች። ፊቷን ሳየው አወቅሁት። ግራ እግሩ ደክሟል። ባለፈው ጊዜ ያለ ድጋፍ ይነሳ ነበር፣ ዛሬ አልቻለም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ እዚያ መመላለስ አይበቃም አለች። ውጭ መሄድ አለበት። ካፖርቱን አመጣሁ። ግድግዳውን አየ።

ቆሞ ያስተማረ ሰው፣ ቆሞ ያሻገረ ሰው። ይገባኛል። ግን እግሩ አይገባውም።

ይሄው ነው ጉዳዩ። አፉን የሰጠን እንስሳ እግሩን እየወሰደብን ነው። ማንን ልውቀስ፣ ማንን ላመስግን? ሁለቱንም እያደረግሁ ነው፣ በአንድ ቀን።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 20

ግሬግ ደወለ። ፈቃዱ ተሰጥቷል። እንዲህ ይፈጥናል ብሎ እሱም አልጠበቀም። በኖቬምበር መጀመሪያ ወጥመዱን ይዞ ይመጣል፤ ከእኔ የሚፈልገው የመጨረሻ እሺታ ነው። ቤተሰቡን አንድ ላይ ለመያዝ ይሞክራሉ። ሁሉንም ትይዛላችሁ? ብለው ተስፋ አደርጋለሁ አለ። ተስፋ አደርጋለሁ ማለት አዎ ማለት አይደለም።

እደውልልሃለሁ አልኩት። ባለፈው ወር ያላቅማማችው ሴት የት ሄደች?

መ/ር መስኮቱ ጋ ነው። አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 29

ዛሬ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው። ፍሬሙ አልያዘውም፣ እኔ ያዝኩት፣ ሁለታችንም በግድግዳው ተንሸራትተን ተቀመጥን። አልተጎዳም። ተመስገን። ግን ስንነሳ በዓይኑ ያየሁት ፍርሃት ከፊቴ አልጠፋ አለ።

ራ. ከሥራ በቀጥታ መጣች። እሱን አስተኛነውና ኩሽና ተቀመጥን። "ማማ፣ አይ ላቭ ዘም ቱ፣ ታውቂያለሽ። ግን የባባ እግር ነው። ካልተራመደ ዊልቸር ነው፣ ዛትስ ኢት" አለች። እነሱ ሌላ ወንዝ ያገኛሉ፣ ባባ ግን ሌላ እግር አያገኝም አለች። ልጄ ልክ ናት። እናቷን የምትመስለው ልክ ስትሆን ነው።

እነሱ ባይመጡ ይሄኔ አንድም ቃል አይኖረውም አልኳት። አሁን ቃሉ ወጥቷል፣ ቢሄዱ ተመልሶ አይገባም አለችኝ። ለአንድ እንስሳ ውለታ ብዬ ባሌን ወንበር ላይ ላስቀምጠው? ውለታ የሚባለውስ ለእሱ ይገባዋል? እንጨት ነው ያየው፣ ውሃ ነው የሰማው።

ለግሬግ ደወልኩ። ማክሰኞ ና አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬ. 4። ከሰዓት

ግሬግ በሰዓቱ መጣ። ወጥመዱ መኪናው ውስጥ ነው፣ እንደ ትልቅ ሻንጣ የሚከፈት የሽቦ ነገር። ጫማውን አወለቀ። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

ቤቱ የሁለታችሁ ነው አይደል? አለ ግሬግ። አዎ። እሳቸውስ ምን ይላሉ? አለና ወደ መ/ር ዞሮ በአክብሮት ጠበቀ።

እሱም ተስማምቷል ልል አፌን ከፈትኩ። ልክ እንደ ለመድኩት። ከዚያ ዘጋሁት። ማንም አልጠየቀውም እኮ! እኔም፣ ራ.ም። ስለ እግሩ ስንጨቃጨቅ እግሩ የማን እንደሆነ ረስተናል።

በአማርኛ ነገርኩት። ሁሉንም። ውሃው ለምን እንደሞላ፣ ፊዚዮዋ ያለችውን፣ ወጥመዱን፣ ቱቦው ሊያደርግ የሚችለውንና የማይችለውን። ከዚያ ይወሰዱ ወይስ ይቅሩ አልኩት፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ።

ጊዜ ወሰደ። ግሬግ አልተንቀሳቀሰም።

"ክረምት…" አለ። ቆመ። "ቅዝቃዜ ሊገባ ነው።"

አዎ አልኩ።

"ልጆች አሏቸው።"

አዎ።

ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ ወንዟ። ከዚያ ወደ እኔ።

"እኛ… ፈቀቅ እንበል።"

ግሬግ ምን አሉ አለኝ። እኛ እንሂድ ነው የሚለው ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ። የግሬግ ፊት ነጣ። ኧረ በፍጹም፣ ለቢቨር ብላችሁ ቤታችሁን አትሽጡ፣ ሌላ መላ እንፈልጋለን ይለኛል! ፈቀቅ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ሶፋው ላይ አንድ ቂጥ ያህል ሸሸት ብዬ አሳየሁት፣ ሰው ሲመጣ ቦታ እንደምንለቀው። ግሬግ ገባው። እሱም ወንበሩ ላይ ሸሸት አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

መ/ር በጣቱ እያሳየ አስረዳ። መያዣው ብረት ይነቀል፣ በላይኛው በኩል በአጥሩ ጥግ ይተከል። አግዳሚውም ወደ ላይ ይምጣ። ቱቦው ይግባ። ግሬግ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ፣ ከገና በፊት ይደርሳል አለ። ወጥመዱ ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ግን ንዴቴ መጣ። እስከ ገናስ? አልኩት። እግርህስ? ለሰው ልጅ የምታዝን፣ ለአይጥ ልጅ የምታዝን፣ ለእኔ ማን ይዘን? ወድቀህ የማነሳህ እኔ ነኝ! አለቀስኩም። ይሄን ስል ሁሉ በአማርኛ ነው፤ በዚህ ቋንቋ ባሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ እጁን አነሳ። ወደ ጓሮ አልነበረም። ወደ ፊት ለፊቱ በር።

መጀመሪያ አላመንኩም። በዚያ በኩል? አልኩ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዳላስደነግጠው ፈርቼ፣ እሺ፣ ነገ ረፋድ ላይ እንወጣለን፣ ያኔ መንገዱ ላይ ሰው አይኖርም፣ ማንም አያይህም አልኩት።

"አይ" አለ።

ጠበቅሁ።

"ልጆቹ… ት/ቤት ሲገቡ።"

ረቡዕ፣ ኖቬ. 5። ጠዋት

ብርድ ነው ግን ደረቅ። ራ. ትናንት በስልክ ሰምታ ኦኬ ማማ፣ ነገ ቪዲዮ ላኪልኝ አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ግሬግ ዓርብ ለቱቦው ይመጣል። ዘውዱ እኔም ልምጣ ብሎ ነበር፤ ቆይ አልኩት፣ የዛሬው የእሱ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ስሰጋ ነው ያደርኩት። ቢደናቀፍስ፣ ልጆቹ ቢያፈጡበትስ፣ የሚያውቁት ወላጆች ከንፈር ቢመጥጡበትስ። እሱ ግን ተላጭቶ ነው የጠበቀኝ። ካፖርቱን አምጪ አለኝ፣ አንድም ሳላስጀምረው። ካፖርቱ ሰፍቶታል። አንገትጌውን አስተካከልኩለት፣ ዓይኔን ሳላሳየው።

ከመንገዱ የልጆች ጫጫታ መግባት ጀምሯል። ፍሬሙን በሩ ጋ አቁሞ እጁ መዝጊያው ላይ ነው። ይሄን ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ መነጽሬን እየፈለግሁ። ብቻ አመሰግናለሁ ማለት ፈልጌ ነው፣ ማንን እንደሆነ እንኳ ሳለይ። ስካርፌንም እስካሁን አላ

ቆይ እንጂ መምህር! ጥሎኝ ወጣ።